በማን ሳይክል ነበር የወረድከው?

አባ ሲፈን የኔ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ነው። አንተ አርፈሃል፤ እኔ ግን አላረፍኩም። አስከሬንህ ነቀምቴ ሲገባ ጥርጣሬም አብሮ ቤቴ ገባ።

በረንዳውን ለአንዲት ልብስ ሰፊ አከራይቼዋለሁ። ስትሰፋ ታዜማለች፤ ብትሰማት ትወዳት ነበር። ልጃችን ሲፈን በቁመት እኔን አለፈችኝ። ቅዳሜ ጠዋት የሳይክል ደወል ስትሰማ አሁንም ወደ በሩ ታያለች። ሰው ሁሉ አባቷ በፍጥነት ሲንቀለቀል ገደል እንደገባ ነው የሚነግራት። እሷም አምናለች። በቀደም፣ ለፉክክር ብሎ ትቶን ሄደ ብላ አለቀሰችብኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ለሳይክል ጉዞ ሩዋንዳ አብረውህ የሄዱት አምስቱ ጓደኞችህ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው የነገሩን አንድ ዓይነት ታሪክ ነበር። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ስልክ የማይሠራበት ገጠር፤ ከዚያ አንተ ሁሉንም ቀድመህ ቁልቁለቱን በረርክበት። አንዱ ሲያቆም ሌላው ከዚያው ይቀጥላል። ያዘነ ሰው እንዲህ አያወራም። ይምታታበታል፣ እንዲህ ነበር እንዲያ ነበር እያለ ይከራከራል። ደግሞስ ስለ ማን ነው የሚያወሩት? ከአርጆ ወደ ደዴሳ ሲወረድ ሳይክሉን በእጁ እየገፋ የሚሄድ፣ ሲስቁበት አብሮ የሚስቅ ሰው! እኔን እንኳ በአሮጌው ሳይክል አፈናጥጠኸኝ በሲሬ መንገድ ስንሄድ፣ ቁልቁለት ባየህ ቁጥር ውረጂ እያልክ ግማሹን መንገድ በእግሬ አስኬድከኝ።

ከዚያ ሳይክልህ መጣ። ጭረት እንኳ የለበትም። መቀመጫው ደግሞ ከፍ ተደርጓል። እዚያ ላይ ብትወጣ እግርህ ፔዳሉን አይደርስበትም። ከመሃላችሁ ረጅሙ ገመቹ ነው። ከልጅነትህ ያልተለየህ ገመቹ ከቀብርህ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም፤ ገበያ ላይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም። ገፍቶህ ይሆን ብያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሱቁ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ሳልጠይቀው ተናገረ። ያን ቀን ጠዋት እንደ ልማዳችሁ አንዱ የሌላውን ሳይክል ፈተሸ። ሰው የራሱን ሲያይ ቸል ይላል ብለህ ደንቡን ያመጣኸው አንተው ነበርክ። የገመቹ ፍሬን እንደማይዝ አወቅህ። መለዋወጫ አልያዛችሁም፣ ከተማውም ሩቅ ነው። እሱ እየገፋሁ አልወርድም ብሎ ግግም ሲል፣ ያንተን ሰጠኸውና የእሱን ይዘህ በእግርህ ከኋላ ቀረህ። አምስቱም ከታች ሆነው ጮሁብህ፤ ዝናብ መጣ፣ መሸብን፣ ቶሎ በል አሉህ። ያኔ ፍሬን የማይዘው ሳይክል ላይ ወጣህ።

ለካ ታሪኩን በአንድ አፍ የሚያወሩት ሁሉም ስለጮሁ ነው። እየተመለሱ መንገድ ላይ ተስማምተውበታል።

ገመቹን አመንኩት፤ ሁሉን ነግሮኛል ብዬ ግን አይደለም። ከሁሉ በላይ የተናደድኩት ባንተ ነው። ዕድሜህን ሙሉ ሲስቁብህ ያልሰማሃቸውን ሰዎች፣ ያን ቀን ምን ብለህ ሰማሃቸው?

የሙት ዓመትህ መታሰቢያ ላይ በሰው ፊት እውነቱን እንዲናገሩ ጠይቄያቸዋለሁ። ገመቹ እሺ ብሏል። አራቱ እናያለን አሉ፤ ይቺን እናያለን አላምናትም። እነሱ ባይመጡ እኔ እቆማለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ እነሱ ፈጥረው እንዳወሩት አድርጌ አላስታውስህም፤ እኔ እንደማውቅህ ነው የማስታውስህ፤ ይህን ቃል ሰጥቼሃለሁ።

ለሲፈን ግን መታሰቢያው እስኪደርስ አልጠብቅም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ዛሬውኑ፣ አባቷ ትቷት እንዳልሄደ እነግራታለሁ።

ያንተው፣
የሲፈን እናት