መውደቅ የሚጀምረው የት ላይ ነው

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7
ብርድ። መኪናዋ እንደ ምንም ተነሳች። የትምህርት ቤቱን ጂም ከፈትኩ፣ ማሞቂያውን ለኮስኩ፣ ፍራሾቹን በእግሬ እየረገጥኩ መገጣጠሚያቸውን አየሁ። በበሩ በኩል ያለው ተላቋል... በቴፕ አሰርኩት። ከከሰል ጉድጓዱ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ደመወዝ የለውም። ቺርሊዲንግ፣ ልጃገረዶች በሙዚቃ እየጨፈሩ አንዷን ወደ ላይ የሚያነሱበት ውድድር፣ ሲባል ሰው የሚያስበው አጭር ቀሚስና ፈገግታ ነው። እኔ የማስበው አንገት ነው።

ልጄ ሬቫ የቡድኑ አሰልጣኝ ናት። ስትገባ ፊቷን አይቼ አወቅኩ። ጆሊን በረዶ ላይ ተንሸራታ የእጅ አንጓዋን ሰብራለች። ቤቷ ደጃፍ ላይ ነው፣ እኛ ፍራሽ ላይ አይደለም። ጆሊን የኋላ ያዣችን ነበረች፣ ረጅሟ። ሁለቱ ተሸካሚዎች ታንሲን መዳፋቸው ላይ አቁመው ከራሳቸው በላይ ሲያነሷት፣ ከኋላ ቆማ ቁርጭምጭሚቷን የምትይዘው፣ ብትወድቅ ጭንቅላቷን የምትቀበለው እሷ ናት።

የክፍለ ግዛቱ ውድድር ደርሷል። ሬቫ ማንን ልታስገባ ነው? አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9
ድሪማን አስገባች።

ድሪማ ጎበዝ ናት። ጠንካራ፣ ቀልደኛ። ግን አጭር። እስከ ጫፍ ተንጠራርታ የምትደርሰው የተሸካሚዎቹ የእጅ አንጓ ላይ ነው፣ እሱንም በጣቷ።

“ታንሲን አውርዷት” አልኩ። “ከትከሻ በላይ አትወጣም።”

ሬቫ ፊሽካዋን ከአፏ አወጣች። “አባዬ፣ ትከሻ ላይ ካስቀረናት ነጥብ የለንም። ደግሞ ደንቡ ስለ ቁመት አንድም ነገር አይልም።”

“ያዧ የልጅቷን ጭንቅላትና ትከሻ ማዳን የምትችል ትሁን ይላል።”

“ትችላለች።”

“በምኗ? በጸሎት?”

ልጆቹ ሳቁ። “የሰባኪ ልጅ እኮ ነኝ አባባ” አለች ድሪማ። ሬቫ አልሳቀችም። እኔም።

ያንን የደንብ መጽሐፍ ማንም አላስተማረኝም። ብቻዬን ነው ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት። መጽሐፉ የማይለውን መሙላት ያለበት የሰው አእምሮ ነው... ሰዉ ዋንጫ ሲያይ ግን አእምሮው የት ይሄዳል?

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 10
ታንሲ ቤት ድረስ መጣች። ግቢ ብላት በረንዳው ላይ ቆማ ቀረች። ትምህርቷን የምትጨርሰው ዘንድሮ ነው።

“አባባ፣ ሌክሲንግተን ውድድሩ ላይ የኮሌጅ አሰልጣኞች ይመጣሉ። ትከሻ ላይ ከቀረሁ ማን ያየኛል? እዚሁ ቀርቼ የተጠበሰ ዶሮ ልሽጥ?”

“አንገትሽ ደህና ሆኖ ዶሮ ብትሸጪ ምን አለበት?”

“እርስዎ የሚፈሩት ለእኔ ነው ወይስ ለደንቡ?”

“አንድ ነው።”

“አንድ አይደለም” ብላ ሄደች።

አንድ ነው። ደንብ ማለት ከዚህ በፊት የወደቀች ልጅ ናት። ሌላ ምንድን ነው?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16
አልሄድኩም። ማሞቂያውን ማን ለኮሰው?

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19
ሬቫ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣች። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አቀረብኩ። እየበላች ስልኳን ከፍታ የውድድሩን መመሪያ አነበበችልኝ። ቡድን አንድ ተጨማሪ ያዥ ማቆም ይፈቀድለታል። ከልጆቹ ያልሆነ ሰው፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ከኋላ የሚቆም። ልጅቷን ከነካ ግን ከባድ ነጥብ ይቆረጣል።

“አንተ ቁም” አለች።

ማኘኬን አቆምኩ።

“ብትቆምም ትወጣለች። ባትቆምም ትወጣለች። ምረጥ።”

እንዲህ ማለትን ከማን ተማረችው? ባልጠይቅ ይሻላል።

“እሺ። ስትወድቅ እይዛታለሁ፣ አንቺን አላስፈቅድም” አልኩ።

“ስትወድቅ። ካልወደቀች እጅህ ኪስህ ውስጥ ነው።”

“መውደቅ የሚጀምረው የት ላይ ነው?”

“እግሯ ከተሸካሚዎቹ እጅ ሲወጣ።”

“እግሯ ከወጣማ አልቋል። ዳሌዋ ከእግሯ መስመር ሲወጣ ነው የሚጀምረው።”

“አባዬ፣ ዳሌዋ በየቀኑ ይወጣል። በየቀኑ ትመልሰዋለች። ሥራዋ እኮ እሱ ነው።”

አልተስማማንም። ሳህኗን አጥባ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 28
ከድሪማ ጀርባ ቆሜ ዋልኩ።

“አባባ፣ እርስዎ እዚህ ካሉ እኔ ምን ልሥራ? ሳንድዊች ይዤ ልምጣ?”

“ዓይንሽን ከእሷ ላይ አትንቀዪ።”

“በአንዱ እሷን፣ በአንዱ ሳንድዊቹን...”

“ድሪማ።”

“እሺ፣ እሺ።”

እጇ ታንሲ ጋ ስለማይደርስ ሌላ መንገድ አሳየኋት። ታንሲ ወደ ታች ስትመጣ አትንጠራሪ፣ ግቢ፣ ከሥሯ ግቢና ወገቧን ተቀበዪ። ቶሎ ገባት። ይህን ለሬቫ አልነገርኳትም።

ታንሲ ዛሬ ላይ ሆና ተንገዳገደች፣ ደጋግማ። ሁሉንም ራሷ መለሰችው። እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። ቤት ስገባ አየሁት፣ ጥፍሬ መዳፌን አቁስሎታል።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8
ከአውቶቡስ ወርጄ ጫማዬን ገና አላወለቅኩም።

ሁለተኛ ወጣን። በእኔ እጅ።

ሙዚቃው ደረትን ይደበድባል፣ ልጆቹ ሲቆጥሩ እንኳ አይሰማም። የመጀመሪያው ማንሳት ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ላይ ታንሲ በአንድ እግሯ ቆመች፣ ሌላውን ከኋላ በእጇ ስባ ወደ ራሷ አመጣችው። ሰዉ ጮኸ። ከዚያ ዳሌዋ ወደ ግራ ወጣ። ቆየ። አልተመለሰም... ወይስ እየተመለሰ ነበር? ረጅም ነኝ፣ እደርሳለሁ። እጄ ከኪሴ መቼ እንደወጣ አላውቅም። መዳፌ ባቷ ላይ ነበር። ቀጥ አለች። በሰላም ወረደች፣ ትርኢቱን ጨረሱ፣ ፈገግ ብለው እጃቸውን አውለበለቡ።

የጎረቤት ከተማ ልጆች በለጡን። የበለጡን ከተቆረጠብን ባነሰ ነጥብ ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ታንሲ የሹራቧን ቆብ ፊቷ ድረስ ሳበችው። ሬቫ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

“ወድቃ ነበር?”

“ወድቃ ነበር።”

“እግሯ እጃቸው ውስጥ ነበር፣ አባዬ።”

“ዳሌዋ ወጥቶ ነበር።”

ተነሥታ ሹፌሩ ጋ ሄደች። እስክንገባ አልዞረችም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9
ሬቫ ለምሳ አልመጣችም። ባቄላው ተረፈ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12
ወተት ልገዛ ገብቼ ሎኒን አገኘሁት፣ የታንሲን አባት። ጋሪውን መንገዱ ላይ አቆመብኝ።

“ሚስተር ስታምፐር፣ ልጄ እየመለሰችው ነበር።”

“በምን አወቅክ?”

“አባቷ ነኝ።”

“እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።”

“ችግሩ እሱ ነዋ።”

ገንዘብ ተቀባይዋ ሒሳቡን እየመታች፣ “እኔ በቪዲዮው አይቼዋለሁ፣ ወድቃ ነበር ባይ ነኝ” አለች።

“አንቺን ማን ጠየቀሽ?” አላት ሎኒ።

“ማንም። ይህ ወተት ግን ጊዜው አልፏል፣ ይለውጡት ሚስተር ስታምፐር።”

ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። አዳንካት የሚለኝ ሰውም ቢሆን ደስ አላሰኘኝም። ሁሉም ስልኩ ላይ ቆም ያደርጋታል፣ በአየር ላይ ያለችውን ልጅ... እያንዳንዱ የራሱን ያያል። እኔስ? እኔ ቪዲዮውን አላየሁም። ምን ያስፈልገኛል? እዚያ ነበርኩ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14
አየሁት።

ድሪማ ናት ያመጣችው። ኩሽና ጠረጴዛዬ ላይ ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ አቆመችው። “እኔ በጊዜው ያየሁት የተሸካሚዋን ጸጉር ብቻ ነው” አለች። “ስለዚህ ለእኔም አዲስ ነው።”

እግሯ እጃቸው ውስጥ አለ። ዳሌዋ ወጥቷል። ከዚያ የእኔ እጅ ይመጣል። እንደገና። እግር፣ ዳሌ፣ እጅ። እጄ ከመጣ በኋላ ሊሆን የነበረው ነገር የለም፣ እኔ ነኝ ያቆምኩት። ያልሆነን ነገር ማን ይቀርጸዋል? አንዴ ስመለከት ጉልበቷ እየጠነከረ ነው፣ እየመለሰችው ነው። ሌላ ጊዜ ሳይ ጉልበቷ ለቋል።

“ምን ይላሉ?” አለች ድሪማ።

“ሻይሽን ጠጪ።”

አለማወቄን ለማንም አልናገርም። ለምን? ከተናገርኩ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም ያዥ እጁን ከኪሱ አያወጣም።

ወይስ ስለ ራሴ ነው?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18
ሁለተኛ የወጣም ናሽቪል ይሄዳል፣ ለታላቁ ውድድር። ስለዚህ ወላጆቹ ጂም ውስጥ ስብሰባ ጠሩ። ጉዳዩ እኔ ነኝ። ሎኒ ተነሥቶ “ሽማግሌው ከኋላ አይቁም” አለ። ከፊሎቹ አጨበጨቡ። ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሬቫ ሲጨርሱ ተናገረች። “ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጂም ውስጥ ከኋላ የሚቆመውን የምትመርጠው የምትወጣዋ ልጅ ናት። እኔ ልጅ ሆኜ ስወጣም እንደዚህ ነበር። አሰልጣኝም አይመርጥም፣ አባትም አይመርጥም።” ይህን ስትል ሎኒን ብቻ አላየችም፣ እኔንም ጭምር።

ከልምምድ በኋላ ታንሲ ፍራሽ ስደራርብ መጣች። አንዱን ጫፍ ያዘችልኝ።

“አባባ፣ ከሌክሲንግተን ወዲህ እጅዎን እጠብቃለሁ።”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ድሮ ዳሌዬ ሲወጣ እታገል ነበር። አሁን... እንደሚይዙኝ ስለማውቅ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ዛሬም ጠበቅኩ። አላዩኝም?”

አይቻለሁ። ደክሟት መስሎኝ ነበር።

ፍራሹን አስቀመጥን። ተቆጥታ አልነበረም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ስለ ደንብ ልከራከራት የምችለው ነገር በጭንቅላቴ ፈለግኩ፣ መጽሐፉን በሙሉ። ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ግን ደንብ ነው። እኔ ራሴ ብጽፈው ኖሮ መጀመሪያ የማሰፍረው ይህን ነበር።

“ላይ ሆና የሰው እጅ የምትጠብቅ ልጅ መውጣት የለባትም” አልኩ።

“አውቃለሁ። ለዚህ ነው የነገርኩዎት።”

“እንግዲያው እኔ አልቆምም። ድሪማ ብቻ። መታገል እስክትጀምሪ ግን ከትከሻ በላይ አትወጪም።”

“እሺ” አለች። ይህችን ቃል ከእሷ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሬቫ በሩ ጋ መብራት ለማጥፋት ቆማ ነበር። ሰምታለች። “ከነገ ጀምሮ ትከሻ ላይ ነን” አለች፣ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ።

ጥቁሩን ሸሚዝ አጥፌ ዕቃ ቤት አስገባሁት።

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ዛሬ ከትከሻ በላይ ወጣች። እኔ ከበሩ አላለፍኩም። ታገለች።

ቅዳሜ፣ ማርች 8
ናሽቪል። የተቀመጥኩት ከላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መሐል ነው። ከዚያ ላይ ልጆቹ ጣት ያህላሉ።

ታንሲ በአንድ እግሯ ቆመች። ሌላውን ሳበች። ዳሌዋ ወጣ... ወደ ግራ፣ እንደዚያ ቀን። ሁለት እጄ ወደ ላይ ሄዶ አጠገቤ ያለችውን ሴትዮ ፋንዲሻ ጉልበቷ ላይ ደፋሁባት። ድሪማ አልተንጠራራችም፣ ገባች፣ ከሥሯ ገብታ ቆመች። ታንሲ ጉልበቷን ቆለፈች፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች፣ ዳሌዋ ቀስ ብሎ መጣ። መጣ። ድሪማ ወደ ኋላ ተመለሰች።

“የልጅ ልጅዎ ናት?” አለችኝ ሴትዮዋ ፋንዲሻውን እያራገፈች።

“አይደለችም። ይቅርታ አድርጊልኝ።”

አምስተኛ ወጡ። አንዲት የኮሌጅ አሰልጣኝ የታንሲን ስልክ ቁጥር ወስዳለች። ትደውል አትደውል እንጃ። ድሪማ ግን አሁንም አጭር ናት፣ ደንቡም ቁመትን መጥቀስ አለበት። ሰኞ ደንቡን ለሚያወጣው ማኅበር እጽፋለሁ።

ስንመለስ ልጆቹ በአውቶቡስ ሄዱ። እኔን ሬቫ በመኪናዋ ይዛኝ መጣች። ተራራው ላይ ዝናብ ጀመረ።

“ሌክሲንግተን ላይም ትመልሰው ነበር፣ አይደል?” አለች።

ዳሌ፣ እግር፣ መስመር... መልሱ አፌ ላይ ነበር።

“አላውቅም” አልኩ።

“እንዲህ ስትል ሰምቼህ አላውቅም።”

“መንገዱ ያንሸራትታል። ቀስ በዪ።”

ቀስ አለች።