የአልማዝ የልብ ምት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017

የእህቴ ልጅ ሰላም ለመመረቂያ ጥናቷ የልብና የሳንባ ብቃታችንን ልትለካ ጠዋት ቤት መጣች። የምታወዳድረው ስፖርተኛ የሆኑና ያልሆኑ ወንዶችንና ሴቶችን ነው። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ራሴን «ስፖርተኛ» አልኩ፤ ዊንጌት ጂም መሄድ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ባለቤቴን አልማዝን ሳልጠይቃት «ስፖርተኛ ያልሆነች» ብዬ ጻፍኩ።

ሣጥን ላይ ሦስት ደቂቃ ወጣን፣ ወረድን። ሲያልቅ እኔ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። አልማዝ ነጠላዋን እያስተካከለች ሰላምን «ምሳ ምን ላቅርብልሽ?» ትላለች። የልቧ ምት ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ። የእኔን ምት ግን ሰላም ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።

«እትዬ፣ ስፖርት ይሠራሉ እንዴ?»

«የምን ስፖርት? ኪዳን ነው የምሄደው፣ እንጦጦ።»

«በእግር?»

«ታዲያ በምን? ያን ዳገት ስወጣው አሥራ ሁለት ዓመቴ።»

ሰላም የጻፍኩትን ሰርዛ አልማዝን ከስፖርተኞቹ ጋር አስገባቻት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። በማስተምርበት ክፍል ደካማ ተማሪ ተሳስቶ ሲመልስልኝ እኔም እንደዚያ ነው የማየው።

በሚስቴ ትንፋሽ ቀናሁ። ለካ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ ተኝቼ ነው የምታገኘኝ። ከጂም በላብ ተነክሬ ስገባ ደግሞ «ጎበዝ» ብላ ፎጣ ታቀብለኛለች። ብትፎክርብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅድም «ነገ አብረን እንውጣ፤ ቀስ እልልሃለሁ» አለችኝ።

ጉልበቴን ያመኛል አልኳት። ጉልበቴን አያመኝም።