ለአባየ የሚለሰልስ ኩፍታ

ማክሰኞ፣ ጥር 12። ጧት 4፡00

ሽንኩርቱ ዓይኔን እያነደደኝ ነው። ገጽሽ ቢሸት ቻይኝ ደብተሬ፣ እጄን ታጥቤም አልለቀቀኝ። ድስቷን ከሰካኋት አንድ ሰዓት አለፈ። ገና ለብ እንኳ አላለችም። ወንድሜ ሰይድ ወደ ሥራ ሲወጣ አያትና ሳቀ። ስምንት ዓመት ጂዳ ከርሜ ይዤ የመጣሁት ቁም ነገር ይህች የኤሌክትሪክ ድስት ናት። ይሳቅ። ቀስ ብላ፣ እያጉረመረመች፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ታበስላለች። እዚያ ለእመቤቴ ልጆች ኩፍታ የምሠራው በእንዲህ ያለችው ነበር። የተፈጨ ሥጋ፣ ድቡልቡል፣ ወፈር ባለ መረቅ ውስጥ። ለሰው ቤት ስንቴ ሠራሁ! ለቤቴ አንድም ቀን።

ሐይቅ ከተማ ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ። አራታችን፣ ማለትም አባየ፣ ሰይድ፣ የሰይድ ሚስት ዘሃራና እኔ፣ አንድ ቀን እንኳ ከአንድ ማዕድ አልቀረብንም። አባየ ከአምባሰል ይመጣሉ። ሻይ ይጠጣሉ። "በልቻለሁ" ይላሉ። ይሄዳሉ።

ማታ 1፡30

ኩፍታው ድንጋይ ሆነ። ሥጋ ሻጩ ጎረድ ጎረድ አድርጎ ነው የከተፈልኝ። ሰይድ አንዱን በማንኪያ መታ መታ አድርጎ ለገና ጨዋታ ይሆናል አለ። ዘ. ብቻ ሦስት በላች። ደግ ናት።

ሳህን ስናጥብ ግን ድንገት ቀና ብላ፦ "ለአባየ ነው አይደል የምትለማመጅው? አትድከሚ እታለም። እኔ ሁለት ዓመት ደክሜያለሁ።"

የዶሮውን ነገር ነገረችኝ። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ አቀረበች። አባየ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። ወጡን አዩትና ተነሡ። ሆዴን አመመኝ አሉ። እሷ ግን እጄን ተጸይፈውታል ብላለች። ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 14። ውጫሌ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሰ. 9፡00

መኪናው እስኪሞላ ልጻፍ። ልቤ አልረጋም።

አባየን ለእራት ልጠራ ሄጄ ነበር። ከውጫሌ በእግር አንድ ሰዓት። እንደምመጣ አልነገርኳቸውም። ከጓሮ አገኘኋቸው። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተዋል። እንጀራ በወተት አርሰው በጣታቸው ያላሙታል። ሲያዩኝ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ፣ እንደ ተያዘ ልጅ።

ደብተሬ፣ ለአንቺ ብቻ ነው። የፊት የፊቶቹ ጥርሶች አሉ፤ ለዚህ ነው ማንም ያላወቀው። የመንጋጋው አንድም የለ። በየተራ አመማቸው፣ በየተራ ተነቀለ፣ አለቀ። ሥጋ ማኘክ አይችሉም። ምግብ በአፋቸው ሲያገላብጡ ሰው እንዳያያቸው ይፈራሉ። እንዴት አይፈሩ! በወጣትነታቸው በየሠርጉ አጥንት በጥርሳቸው ሲሰብሩ ሰው ከቦ ያያቸው ነበር። "አጥንት ሰባሪው ይመር" እየተባሉ ነው ያረጁት።

ዘሃራ እጄን ተጸየፉት ብላለች አልኳቸው። ደነገጡ። የያዙትን ሳህን መሬት አስቀመጡ።

"እኔ? የሷን እጅ? እሷን እኮ ነው አብልጬ ያፈርኩ። እንዴት ብዬ በምራቴ ፊት እንደ ሕፃን ላላምጥ?"

ታዲያ ይንገሯት ስላቸው እምቢ። ጭራሽ አስማሉኝ። ለማንም እንዳልናገር። ወላሂ አልኩ። ምን ላርግ፣ አባቴ ናቸው። በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ለእራት ለመምጣት ግን እሺ አሉ። የማቀርበው ጥርስ አይፈልግም አልኳቸው። ሳቁ። በጋቢያቸው ውስጥ።

መኪናው ሞላ።

እሑድ፣ ጥር 17። ከሰ. 10፡00

ሁለተኛ ሙከራ። ሥጋውን ሁለቴ አስከተፍኩ። ዳቦ በወተት ዘፍዝፌ ጨመርኩ። አበዛሁት መሰለኝ፣ ድስቷን ስከፍት ኩፍታ የሚባል የለም። ሟሙቶ ገንፎ ሆኗል። ሰይድ በዳቦ እየጠረገ በላው፤ እሱ ያገኘውን ሁሉ ይበላል።

ዘ. ምን ነው ልስላሴ ልስላሴ አልሽ አለችኝ። ምያለሁ እኮ። የጂዳ ሰው እንዲህ ነው የሚወድ ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ በአባየ ተናደድኩ። ግትር ሽማግሌ! ለእርሳቸው ኩራት ሲባል ይህች ሴት ሁለት ዓመት ራሷን ትጥላ?

አሁን ደግሞ ያ መሬት ያስቀመጡት ሳህን ትዝ አለኝና ንዴቴ በረደ።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ማታ 12፡30

ሆነ! አልሐምዱሊላህ። ዳቦው በልክ፣ አንድ እንቁላል፣ በደንብ የላመ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ በትንሹ። ድቡልቡሎቹን ትንሽ አሳረፍኳቸው። በዘይት ገልበጥ ገልበጥ፣ ከዚያ ወደ መረቁ። መረቁን በዱቄት አወፈርኩት። ስድስት ሰዓት።

ፈተናው የራሴ ነው። ጥርሴን ሳላስነካ፣ በምላሴና በላንቃዬ ብቻ በላሁ። ሟሟ። በዚህ መሐል ዘ. ገባች። ጉንጬ ተነፍቶ፣ ዓይኔ ተጨፍኖ ደረሰችብኝ። ጥርስሽን አመመሽ እንዴ አለች። ሳቄ አንቆ ሊገድለኝ።

ዓርብ፣ ጥር 22። ቀን 7፡15

መብራት ሄደ። ድስቷን ከሰካሁ ሁለት ሰዓት ብቻ። መረቁ ፈላ ሳይል ቆመ። አባየ ከጁምዓ ሰላት በኋላ መንገድ ጀምረዋል፣ ሰይድ ደውሎላቸዋል። ተነሡ ማለት ነው። በርበሬ እንደ በላ ሰው እዚያና እዚህ እላለሁ። ጋዝ የለ። በትልቅ እሳት ከጣድኩት ይፈርሳል ወይም ይደርቃል።

7፡40

ዘ. አየችኝና ወጣች። ሸክላ ድስት ይዛ ተመለሰች። ታጥቦ፣ ቅቤ ተቀብቶ። ኩፍታውን አንድ በአንድ በጭልፋ አዛወረችው፣ እንደ እንቁላል። ከሰሉን አቀጣጠለች፣ ፍም ሲሆን በአመድ ሸፈነችው። እናቷ ባቄላ የምታበስለው እንዲህ ነበር አለች። ጧት ተጥዶ እስከ ማታ። አንቺ ሂጂ ተጣጠቢ፣ እሳቱ የኔ ነው አለች። እኔም ተውኩላት።

የሸክላው ሽታ ሲወጣ ከድስቴ ይሻል ጀመር። መቅናት አማረኝ። አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። ጧት 1፡00

ማታ መጻፍ አልቻልኩም። አሁን ሁሉም ሳይነሣ ልጻፈው።

አባየ አመሻሹ ላይ ደረሱ። ነጭ ኮፍያ፣ የታጠበ ጋቢ። ትሪው ቀረበ። ዘ. ከኋላዬ ቆማለች፤ አልተቀመጠችም። አባየ ድቡልቡሉን ሥጋ አዩት። ፊታቸው ጨፈገገ። "እኔ እንኳ በል..." ሲሉ ቀደምኳቸው። አንዱን ኩፍታ በሁለት ጣቴ ነካ አደረግኩት። ተከፈለ። ጥርስ አልፈለገም። አባየ ጣቴን አዩ፣ ከዚያ እኔን። 

"ቢስሚላህ።"

አንድ በሉ። ሁለት። ሰይድ መዋጡን ረሳ። ሦስተኛው ላይ የማን እጅ ነው አሉ። እኔ ያድቦለቦልኩት ነው፣ ያበሰለችው ግን ዘሃራ ናት አልኩ። እውነቴን ነው።

ዞረው አዩዋት። "ታዲያ ለምን ቆምሽ? ነይ አጉርሽኝ!"

ይህን እንኳ እኔም አልጠበቅኩ። ዘ. ተንበረከከች። ጉርሻ ጠቀለለች፣ ትልቅ፣ ሁለት ዓመት የታመቀውን ሁሉ የያዘ።  አባየ አፋቸውን ከፈቱ። ለጉርሻ አፍ ሲከፈት መደበቂያ የለውም። አየችው። ከፊት ጥርሶቹ ኋላ፣ ባዶውን ድድ በግራም በቀኝም። እኔም ስታይ አየኋት።

 ፊቷ አልተለወጠም። ሁለተኛውን ስትጠቀልል ግን ትንሽ አደረገችው። ሥጋውን በጣቷ አልማ፣ እንጀራውን በመረቁ አርሳ። ሦስተኛውንም። አባየ ልዩነቱ ገባቸው። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አነሡ፣ ከዚያ መለሱት።

"ኸይር ይግጠምሽ ልጄ" አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። ሰይድ በርበሬው ነው ብሎ ውኃ ሰጣቸው። ሞኝ ወንድሜ።

ማጀት ስንገባ ዘ. በሩን ዘጋች። ታውቂ ነበር? አለችኝ። ምያለሁ አልኳት። በፎጣ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ሳቁ ልቅሶ ሆነ፣ አቀፈችኝ። ሁለት ዓመት እጄን ስጠላው ኖርኩ አለች።

ቅዳሜ፣ ከሰ. 8፡00

አባየ አልሄዱም። ለመጀመሪያ ጊዜ አድረዋል። ለቁርስ ዘ. ሳትጠየቅ በወተት የላላ ገንፎ ሠራች፣ ለሁላችንም፣ ከአንድ ገበታ። አባየ ማንኪያቸውን ይዘው ቆዩና፦

"አየሽው አይደል?"

"ምኑን አባየ?"

"ተይ እንጂ።"

"ኧረ ወላሂ ቅቤውን እያየሁ ነበር።"

አባየ ሳቁ። ጋቢ የለ፣ መዳፍ የለ፣ አፋቸውን ሙሉ ከፍተው። ሰይድ ያኔ አየ። ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ሁሉንም ራሳቸው ነገሩት፣ መቼ የትኛው እንደ ተነቀለ፣ በየተራ፣ እንደ ሞቱ ዘመዶች።

ሰይድ ደሴ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ አለ። እወስድዎታለሁ አላቸው። እኔም ልሂድ አልኩ። አባየ ሁለታችንንም በእጃቸው አስቆሙን። ሐኪም ፊት አፍ መክፈት ግድ ነው አሉ፤ ከፍቼ ያሳየሁት ለዘሃራ ስለሆነ እሷ ትውሰደኝ። የዘ. ፊት ቀላ። ሰኞ ጧት ሊሄዱ ተቆረጠ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ከፋኝ። ስምንት ዓመት ከጎናቸው የራቅሁ ልጅ ነኝ፣ በሄዱበት ሁሉ ልከተል እላለሁ። ከኋላ በሌላ መኪና ሄጄ ከሐኪሙ በር ልጠብቃቸው ሁሉ አስቤ ነበር። አሁን ከመስኮቱ አያቸዋለሁ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። እርሳቸው ያወራሉ፣ እሷ ጋቢያቸውን ትሰፋለች።

አልከተልም። ሰኞ የሁለቱ ቀን ይሁን።