የአራሷ ቡላ

የካቲት 3
ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት ቤተ ሙከራ ገባሁ። አሥራ አራተኛው ሉህም ወንፊት ሆኖ ወጣ። ቡላ፣ ውሃ፣ ግሊሰሪን፣ ከእብነ በረድ መቁረጫ የሚጣል ዱቄት... ከዚህ ፕላስቲክ እሠራለሁ ብዬ ሁለት ዓመት ፈጀሁ። አማካሪዬ ዶክተር ጉደታ ቀዳዳዎቹን በእስክሪብቶ እየነካካ፣ እስከ መጋቢት 5 አንድ ደህና ሉህ ካላመጣሽ ጊዜሽን ከዚህ በላይ ማራዘም አልችልም አለኝ። ከዚያስ? ወዴት ልሄድ ነው?

የካቲት 9
ዱቄቱ ሲገባ ድብልቁ ገና ሳላሞቀው አረፋ ይደፍቃል፤ ሉሁን የሚበሳው እሱ ነው። ዱቄቱን የሚሰጠኝ ኦቦ ምትኩ ድንጋይ መቁረጫ ድረስ ሄጄ፣ ዱቄቱ ውስጥ ምን ቀላቀልክበት ብዬ ተጣላሁ። ሰውየው ወንበር ሰጥቶ ነው ያስጨረሰኝ። አፈርኩ።

የካቲት 16
ቡላውን ቀመስኩት። ይኮመጥጣል... አሲድና እብነ በረድ! ሲገናኙ አረፋ እንደሚያወጡ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የማስተምረው እኔው ነኝ። ደደብ። ቡላ እየበላሁ ስላደግኩ ኮምጣጣነቱን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።
ወንጪ ደወልኩ። ቡላውን የላከችልኝ የአባቴ እህት፣ አዳዳ ቦጋለች ናት። ለምን ይህን ያህል ኮመጠጠ አልኳት።
"ጥሩውን ላኪልኝ አላልሽም ሲንቄ? ጉድጓድ ውስጥ ከሁሉ የቆየውን ነው የሰጠሁሽ። ለለንሳ አራስነት ያስቀመጥኩትን።"
ለንሳ ልጇ ናት። በዚህ ወር መጨረሻ ትወልዳለች። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

የካቲት 21
ከቡላው ሁለት ኪሎ ቀርቷል። ደጋግሜ ባጥበው ኮምጣጣው ይለቃል፤ ለሥራዬ ይበቃኛል። ወይስ ለለንሳ ልመልሰው? የገበያ ቡላ ከገዛሁ ሙከራውን ሁሉ ከሀ ልጀምር ነው፣ ቀኑ ደግሞ... አዳዳ መልሺልኝ አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 22
አጠብኩት።

መጋቢት 2
ሙሉ ሉህ ወጣ። ዶክተር ጉደታ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው። አንድም ቀዳዳ የለውም። ፈረመልኝ። ማታ እራት አልበላሁም።

መጋቢት 4
ወንጪ ሄድኩ። ለንሳ ሴት ልጅ ወልዳለች። ከአምቦ ገበያ ቡላ ገዝቼ ይዤላት ነበር፤ ለካ የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። ገንፎው አልሆነም። ለንሳ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ጠገብኩ አለች።
ሉሁን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ለምን እንደያዝኩት እንጃ... አዳዳ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አገላበጠችው፣ አሸተተችው።
"ይበላል?"
"አይበላም፣ አዳዳ።"
በጥንቃቄ ጠቅልላ መለሰችልኝ።