ሬዲዮ የማይጠራው ልደት

ታኅሣሥ 8፣ ከጧቱ 1 ሰዓት

ሬዲዮው ዛሬም «ዛሬ በታሪክ» ብሎ ጀመረ። በዚህች ቀን አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ አለ። ይሁን፤ እሱስ ትልቅ ነገር ነው። ቀጥሎ የዝነኞች ልደት። ባሕር ማዶ ያለች አንዲት ዘፋኝ ዛሬ ተወልዳለች፤ ዓመቱ፣ ከተማው፣ ለቤቱ ስንተኛ ልጅ እንደሆነች ሳይቀር ተነገረ። አቅራቢው ልጅ በደስታ ድምፁ ይርገበገባል። የገዛ እኅቱ የተወለደች ነው የሚመስል።

በንዴት የራሴን መዝገብ ከሣጥን አወጣሁ። አንተን ደብተሬን አይደለም፤ አንተ ብሶቴን የምነግርህ ነህ። ያኛው የሰፈሩ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ። ታኅሣሥ 8፦ የጎረቤት መንታ ሴቶች ተወለዱ፤ አንደኛዋ ተረፈች። በሌላ ዓመት በዚሁ ቀን ውርጭ ባቄላውን ጨረሰው። በሌላ ዓመት መብራት ገባ፤ በማግሥቱ ጠፋ። ይህን ማን ያነበዋል? ማንም።

ፊደል የለየሁት ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና ተማሪዎቹን ሲያስቆጥር ከጓዳ ሆኜ እያዳመጥሁ ነው። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን የተወለደ ሁሉ እኔ ዘንድ ተጽፏል። የልደት ወረቀት የሌለው ወደ እኔ ይመጣል። ቀበሌውም መዝገቤን ያምናል።

ታኅሣሥ 13፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ምስጋናው መጣ። የባለቤቴ የወንድሙ ልጅ ነው። ልጁን ትርንጎን በጥር ሊድራት ነው፤ ጋሸና መንገድ ዳር ምግብ ቤት ላለው ሰው። ቀበሌው ዐሥራ ስምንት መሙላቷን አሳይ ብሎታል። ትርንጎ ዐሥራ አራቷ ነው። እኔው ነኝ የጻፍኋት፤ እናቷ ስታምጥ ወገቧን ይዣለሁ።

ቁጥሩን ያስተካክሉልኝ አለ። ተቀምጦ፣ ጠላዬን እየጠጣ።

«አንዲት ቁጥር ናት እትዬ። በቁጥር ማን ሞተ?»

ውጣልኝ አልሁት። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ ድሮ እንዲህ አይከብድዎትም ነበር አለኝና ሄደ።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ታኅሣሥ 14

ትርንጎ ከት/ቤት ስትመለስ ጎራ አለች። ደብተሯን እንዳቀፈች ቆማ፣ ልክ የእንጨት ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብላ ጠየቀችኝ፤

«እማማ፣ ሒሳብ እንዲቀንስልኝ ለአውቶቡስ ረዳቱ ዐሥር ነኝ። ለቀበሌ ዐሥራ ስምንት። ለእርስዎስ ስንት ነኝ?»

ልስቅ ብዬ ተውሁት። ገጿን ገልጬ አሳየኋት። ቀኑን፣ ዓመቱን፣ በዚያ ቀን በረዶ መጣሉን በጣቷ እየተከተለች ድምፅ አውጥታ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ይህን ለአባዬ አይቀይሩለት አለች። ለመነችኝ ልበል? አይደለም። አዘዘችኝ።

እሺ አላልኋትም። ለምን እሺ አላልኋትም?

ታኅሣሥ 20፣ ጧት

ሬዲዮው የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ልደት አነበበ። የተወለደበትን ሰዓት ሳይቀር። ዘጋሁት።

እሺ። ልጻፈው። ለአንተ እንኳ ነግሬህ አላውቅም።

የሻረግ አንድ ልጄ ናት። በዐሥራ አራት ዓመቷ የብልባላ ሰው ሽማግሌ ላከባት። ጥሩ ቤት ነው፣ ከብት አለው ተባለ። የት/ቤቱ ር/መምህር ሰማና ዕድሜዋን ጠየቀ። ባለቤቴ ብራና ሲጽፍ ስሕተቱን በምላጭ ይፍቅ ነበር። ያን ምላጭ አነሣሁ። ከዓመቱ ላይ ዘጠኙን ፍቄ አምስት አደረግሁት። እሱ አላዘዘኝም። አየኝና ዝም አለ። ልጄ ግራ ገብቷት ስትጠይቀኝ፣ በሕፃንነትሽ ታመሽ ነው ሰውነትሽ የቀጨጨ፤ ዐሥራ ስምንት ሞልቶሻል አልኋት። አመነችኝ። እናቷ ነኛ።

በዓመቱ ሦስት ቀን አማጠች። ሕፃኑ ሞተ። እሷ ተረፈች፤ ሌላ ግን አልወለደችም። እስከ ዛሬ፣ እኔኮ ሙሉ ሴት ሆኜ ነው የተዳርሁት፣ ምን ጎድሎኝ ነው ትላለች። ጥፋቱን ከገዛ ሥጋዋ ትፈልጋለች። እኔም ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ።

ታኅሣሥ 29

ልደት። በእግሩ የመጣው ምእመን ከተማውን ሞልቶታል። እኔም ቤት ከገነተ ማርያም በኩል የመጡ ሦስት ሴቶች አርፈዋል። ሬዲዮው የጌታን ልደት አውጆ ሳይጨርስ ወደ አንድ ተዋናይ ልደት ዘለለ። እንግዶቹ ሳቁ። እኔ ተናደድሁ። ከዚያ በራሴ ላይ ባሰብኝ። የሬዲዮ ሰዎቹ እንኳ የማንንም ልደት አልሰረቁም።

ጥር 2፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ከቀበሌ ጽ/ቤት አሁን ገባሁ። ነጠላዬን እንኳ አላወረድሁም።

ሊቀመንበሩ አስጠርቶኝ ነው። ምስጋናውና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። የትርንጎን ገጽ ገልጬ አነበብሁ። ዐሥራ አራት። ምስጋናው ተነሣ። ሰውየው አላፈረም።

«የራስዎን ልጅስ በስንት ዓመቷ ዳሩ? ይህ መዝገብ ያኔ ምን ይል ነበር?»

ገባኝ፤ ዘመድ ነውና የልጄን ዕድሜ ያውቃል። አልፋቅሁም ብል እንደገና መዋሸቴ ነው። ፋቅሁ ብል መዝገቡ ዋጋ ያጣል፤ ትርንጎም ትዳራለች። ሁለቱንም በር ዘግቶ ነው የጠበቀኝ።

የሻረግን ገጽ ገለጥሁና ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት።

«የፋቅሁት እኔ ነኝ። ወደ መስኮቱ ያንሡት፤ ብርሃን ያሳልፋል። ቀጥለው የትርንጎን ያንሡ።»

አነሣ። የልጄ ዓመት ላይ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ወጣበት። የትርንጎው ድፍን ነው። ሁለቴ አየ። ሽማግሌዎቹም አዩ። አንደኛው፣ የሞተ ባልሽን አዋረድሽ አለኝ። የሞተ ሕፃንስ? አልሁት።

ሠርጉ ታግዷል። ትርንጎ ትምህርቷን ትቀጥላለች ተብሎ ተጽፎ ምስጋናው ፈረመ። እኔንም ሊቀመንበሩ በትሕትና፣ ከእንግዲህ መዝገብዎ ለማስረጃ አይቀርብም፣ ጤና ጣቢያ ያረጋግጥ አለኝ። የዕድሜ ልክ ጽሕፈቴ። ልቆጣ አሰብሁ። በማን ላይ?

ምስጋናው ሰላም ሳይለኝ ወጣ።

ጥር 3፣ ጎሕ ሲቀድ

ወሬው ነገ ገበያ ይወጣል። ከገበያ ብልባላ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ልጄ ይህን ከጨው ነጋዴ አትሰማውም።

በጧቱ መኪና እሄዳለሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው ትላለች። ሃያ ዘጠኝ ነሽ እላታለሁ። ስትዳሪ ሕፃን ነበርሽ፤ ሥጋሽ አልበደለም፤ የበደልሁሽ እኔ ነኝ እላታለሁ። አባትሽ ነው አልልም። ዘመኑ ነው አልልም።

አታስገባኝ ይሆናል። ከደጃፏ ቆሜም ቢሆን ተናግሬ ነው የምመለስ።