አጥር የሚሻገሩ ቀንድ አውጣዎች

ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ባሕሪ፣ ካርቱም

ዛሬ ጠዋት በምሠራበት ቤት ጓሮ ጀርጂር የሚሉትን ቅጠል ሰላጣ ውሃ ሳጠጣ አንድ ቀንድ አውጣ በአጥሩ ላይ ተወርውሮ መጥቶ ሰላጣው መሀል ዱብ አለ። ሳላነሳው ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ።

እንዲህ የሚያደርጉት የጎረቤቱ አትክልተኛ፣ «ዓም» (አጎቴ) የምላቸው ኢድሪስ ብቻ ናቸው። ከጦርነቱ በፊት እሳቸው የለቀሙትን ወደኔ ይጥላሉ፣ እኔም መልሼ እጥላለሁ። «ሐበሻ ናቸው፣ ቤታቸውን ተሸክመው ነው የሚዞሩት» ይሉኛል። «ሱዳናዊ ባይሆኑማ ፀሐይ ስትወጣ አይተኙም ነበር» እላቸዋለሁ።

የቀንድ አውጣን ስም በአማርኛ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ትርጉሙን ስነግራቸው ትእዛዝ አደረጉት። በጣታቸው እየነኩ «ያላ፣ ቀንድ አውጣ» ይሉታል፣ «በል እንጂ» እንደማለት፤ እሱ ሲነካ ጭራሽ ቀንዱን ያስገባል። «አማርኛ አይሰማም፣ እንግዲያው የኛ ነው» ብለው ቀለዱብኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ ወደ መደኒ ከተማ ሸሹ ተባለ። ከዚያ ወሬያቸው ጠፋ። እኔም ሸሽቼ ከተመለስኩ ወዲህ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ አልነበረም።

«ዓም ኢድሪስ?» አልኩ።

«ያላ፣ ቀንድ አውጣ» አሉ። ድምፃቸው ሰልሏል።

«ይሄኛው የማን ነው?»

«የኛ ነው። ግን ጓሯችን ደርቋል፣ የሚበላው የለም። አንቺ ጋ ይክረም።»

መልሼ አልወረወርኩትም። ቅጠል ላይ አስቀመጥኩትና አንድ እስር ጀርጂር ቆርጬ በአጥሩ ላይ ጣልኩላቸው።

«ይሄስ የማን ነው?» አሉ።

ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ሌላ እስር ቆርጬ ጣልኩላቸው።