አምስት ጥይት በወንድሜ ክላሽ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

እሺ አልኩ። የደነገጥኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በሕይወቴ አንድ ጥይት ተኩሼ አላውቅም፤ ቅዳሜ መርሳ ላይ በወረዳው የሚሊሻ የኢላማ ውድድር ልተኩስ ነው።

ወንድሜ ሙሉጌታ የቀበሌያችን ሚሊሻ ነበር። ሐራ ቆላ ለሰው እርሻ ሲሠራ ከርሞ መጣ፣ ወባ ያዘው፣ በአራተኛው ቀን አለፈ። አርባው ከወጣ ሳምንቱ ነው። ክላሹ የመንግሥት ነው፤ በስሙ ወጪ የተደረገ። ዛሬ የቀበሌው ሊቀመንበር ቤት ድረስ መጣና "አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ መሣሪያው መመለስ አለበት" አለ። አባቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ክላሽ አየ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን። ሊቀመንበሩም ጨነቀው መሰለኝ፣ "በእግሩ የሚተካ ከቤት ከተገኘ ግን… ቅዳሜ ከአምስት ሦስት ከመታ እንመዘግበዋለን፤ መሣሪያውም እዚሁ ይቀመጣል" አለ።

ያኔ ነው እሺ ያልኩት። በዚህ ቤት የቀረነው አባቴና እኔ ብቻ ነን።

ዲግሪዬ ሻንጣ ውስጥ ነው፣ የእርሻ ኢኮኖሚክስ። ከሐምሌ ጀምሮ ወልድያ እየተመላለስኩ የማስታወቂያ ሰሌዳ አነባለሁ። ባለፈው አንዱ "ኮብልስቶን ግባ፣ እዚያም ባለዲግሪ ሞልቷል" አለኝ። አሁን ደግሞ ሚሊሻ። ከተመዘገብኩ ከዚህ መንደር መውጫ የለኝም። ይህን እያወቅኩ እሺ አልኩ፤ አሁንም እሺ ነኝ።

ረቡዕ

ጋሽ ሰይድ ሊያሠለጥኑኝ ተስማሙ። የድሮ ወታደር ናቸው፤ የቀበሌውን ሚሊሻ ሁሉ፣ ሙሉጌታንም ጭምር ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። ጥይት የለም፤ በባዶው ነው።

ውድድሩ ቆሞ መተኮስ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ቆሞ አንድ፤ ሮጦ ሁለተኛው ድንጋይ ጋ ተንበርክኮ ሁለት፤ እንደገና ሮጦ በደረት ተኝቶ ሁለት። ሩጫው ልብ ያፈርሳል፤ ልብ ሲመታ አፈሙዙ አብሮ ይመታል።

"ተማሪው፣ እስክሪብቶ አይደለም፤ ሰደፉን ትከሻህ ውስጥ ቅበረው።"

"ቀበርኩት ጋሽ ሰይድ።"

"ወላሂ አልቀበርከውም። ሕፃን ነው እንዴ ያቀፍከው?"

አፈሙዙ ላይ ጠጠር አስቀመጡልኝ። ጠጠሩ ሳይወድቅ ቃታ መሳብ አለብኝ። ጠዋት በሳብኩ ቁጥር ወደቀ። አመሻሽ ላይ ከአሥር ሰባቴ ተቀመጠ። ሰባት! ወደ ቤት እየሮጥኩ ገባሁ።

ሐሙስ፣ አቦ

አባቴ ስላልሠራ ደጅ ተቀምጦ ሲያየኝ ዋለ። አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቶ ክርኔን ዝቅ አደረገልኝ። እጁ ትንሽ ቆየች።

ሙሉጌታ ሲሞት አዲስ አበባ ለሥራ ፈተና ሄጄ ነበር። ፈተናው እንዳይበላሽበት ተብሎ መርዶው ተደበቀኝ። ስመጣ ተቀብሮ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ፈተናውንም አላለፍኩም። ለቅሶው ላይ የአክስታችን ልጅ ደምሴ ክላሹን ከፍ አድርጎ እየፎከረ ሙሾ ሲያወርድ ሰፈሩ ሁሉ ተነቃነቀ ይላሉ። እኔ አላየሁም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ለወንድሜ አንድም ነገር አላደረግኩም። እሱ ግን ለእኔ ደብተር ሊገዛ ብሎ ከስድስተኛ ክፍል ቀርቷል።

አርብ

ጋሽ ሰይድ ከየት እንዳመጧቸው እንጃ፣ ሦስት ጥይት ሰጡኝ። ገደሉ ሥር ወረቀት ሰቀልን። ሦስቱም በስተቀኝ ሄዱ። ሦስቱም!

"ቃታውን እየነጠቅከው ነው። እጅህ ነው ጠላትህ።"

ጠጠሩን መልሰን አስቀመጥን፤ ጣቴ እስኪደነዝዝ ሳብኩ። ደምሴ መጥቶ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ወትሮ ዝም የማይል ሰው ዛሬ መሬት ሲጭር ዋለ። ጋሽ ሰይድ ራቅ ሲሉ "ለምን የሌላ ሰው ክላሽ ተውሰህ አትተኩስም?" አለኝ።

"በሙሉጌታ ካልሆነ ምን ትርጉም አለው?"

"እሱስ ልክ ነህ" አለና ተነሥቶ ሄደ። ቀናብኝ እንዴ ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ

ከመርሳ ገና መመለሴ ነው።

ከመርሳ ወጣ ብሎ ከሜዳው ጫፍ ሰዉ ከተወጠረ ገመድ ጀርባ ቆሟል። ከግራና የመጡት ሚሊሻዎች የከተማ ሸሚዜን አይተው "ይኼ ደግሞ ስብሰባ መሪ ነው ወይስ ተኳሽ?" ተባባሉ። ተራዬ ደረሰ። ቆሜ ተኮስኩ። ኢላማው ጋ ያለው ሰው ቀዩን ጨርቅ አወዛወዘ፦ የለም። ሮጥኩ፣ ተንበረከክሁ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ቃታውን እንደ ቅቤ ሳብኩት። ቀይ። እንደገና ቀይ። ቀሪው ሁለት ጥይት ነው፤ ሦስት መምታት አልችልም። ነገሩ እዚያ አለቀ።

ተነሥቼ ስሮጥ ደምሴ ገመዱን አልፎ ገባ። ድምፁ የለቅሶ ድምፅ ነው። "ወደ ግራ! አንድ ክንድ ወደ ግራ አነጣጥር!" ሰዉ ሳቀ፣ ፖሊስ ጎትቶ አስወጣው። ተኝቼ አንድ ክንድ ወደ ግራ ያዝኩ። ነጭ ጨርቅ። አሁንም ነጭ።

ሁለት።

ደምሴ እኔንና አብረውኝ የመጡትን ጋሽ ሰይድን ጥግ ወስዶ ነገረን። ለቅሶው ላይ ሲፎክር ክላሹ ከእጁ አምልጦ ድንጋይ ላይ በአፈሙዙ ወድቆበታል። የሟች መሣሪያ ለቅሶ ላይ ከወደቀ ሌላ ሞት ይከተላል ስለሚባል፣ ያዩት ጥቂቶች "አባቱ እንዳይሰማ" ተባብለው ዋጡት። ጋሽ ሰይድ ክላሹን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አዞሩት። የአፈሙዙ ማነጣጠሪያ ጠማማ ነው፤ ከፈለጉት ይታያል። "ብረቱን ሳላይ እጅህን ስወቅስ ዋልኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ" አሉ። እንደገና እንድተኩስ ዳኞቹን ለመኑ። ሁሉም የያዘውን መሣሪያ ቀድሞ መፈተሽ ነበረበት ተባሉ። ዳኞቹ ልክ ናቸው።

ደምሴን ልመታው እጄን አነሣሁ። አልመታሁትም።

እሁድ

ደምሴ ማልዶ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጃችን ተንበረከከ። እኔ ገና ለአባቴ ሁለት መታሁ ከማለት ሌላ አልነገርኩትም ነበር።

"ጋሼ፣ ክላሹን የጣልኩት እኔ ነኝ። ደብቄዎታለሁ።"

"አውርድ" አለ አባቴ። "ድንጋዩን አውርድ። ሲወድቅ አይቻለሁ።"

ደምሴ ቀና ብሎ አየው።

"ለወንድምህ ስትፎክር አይደል የወደቀው? በሰው መሐል እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው ያላየ የሆንኩት። እንጨቱ ብቻ የተጫረ መስሎኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ትናንት የገደልኩህ እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

ከእኔ ፈተናዬ እንዳይበላሽ ተብሎ ተደበቀ፣ ከአባቴ እንዳያዝን ተብሎ ተደበቀ፣ ደምሴ እንዳያፍር ደግሞ አባቴ ያየውን ደበቀ። የምንዋደደው እንዲህ ነው። ሦስታችንም ደጅ ላይ ተቀምጠን አለቀስን፤ እኔ ለሙሉጌታ በደንብ ያለቀስኩት ዛሬ ነው።

ሰኞ

ክላሹን መለስን። አባቴ ራሱ ካልተሸከምኩት አለ፤ እስከ ቀበሌው ድረስ ትከሻ አልቀየረም። የንብረት ክፍሉ ሰው ቁጥሩን አየ፣ ጻፈ፣ ፈርሙ አለ። ስለ ጠመመው ማነጣጠሪያ ነገርኩት፤ እሱንም ጻፈ። አባቴ በአውራ ጣቱ፣ እኔ በፊርማዬ። ሊቀመንበሩ አቀርቅሮ ነበር። አልፈረድኩበትም።

አሁን ከዚህ የሚያስቀረኝ ነገር የለም። ነገ ወልድያ ሄጄ ሰሌዳውን ማየት እችላለሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አባቴን ብቻውን ትቼ እንዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም።

ስንመለስ ከፊቴ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ወንዙ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ሁለቱ የት የት ነው የመቱት?"

መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት፦ አንዱ እዚህ መሐል፣ አንዱ ከአውራ ጣቴ ሥር። መዳፌን ይዞ ብዙ አየው።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ" አለ። እስከ ቤት ድረስ ነገርኩት።